ጥሬ ዘይት ይዤ ወደ ባሕር ዳር

ይኸው ቤቴ ገባሁ፤ የደብረ ብርሃን ብርድም እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ ተቀበለኝ። ጎረቤቶቼ ከመጣሁ ጀምሮ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ጣና እንዴት ያለ ነው?» ይሉኛል። ለአንዷ ተርኬ ስጨርስ ሌላዋ ትመጣለች፤ ለሌላዋ ስጀምር የፊተኛዋ «ያንን ዘለልሽ» ትላለች። ስለዚህ ጽፌ ላኑረው ብዬ ተቀመጥኩ። ከእናንተ ውስጥ ወደዚያ የማትሄዱ ብዙ ናችሁ፤ እኔም ልጄ ባትደውል ኖሮ አልሄድም ነበር።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስረዳ። ሳላስረዳ ብቀጥል፣ «ሴትዮዋ ምን ነክቷት ነው አንዲት ጀሪካን ዘይት ታቅፋ አገር ለአገር የዞረችው?» ማለታችሁ አይቀርም።

እንደምታውቁት የምተዳደረው በኑግ ዘይት መጭመቂያዬ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን መጭመቂያው እየዞረ እኔ ጥግ ይዤ ከልጆቼ መጻሕፍት የቃረምኩት ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ሰላማዊት፣ እኛ ሰላም የምንላት፣ ባሕር ዳር ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ጥናቷ ስለ ቫይታሚን ነው። ከቫይታሚኖች ውስጥ ውሃ የሚወስዳቸው አሉ፤ ቅባት ካልያዛቸው ደግሞ ንቅንቅ የማይሉ አሉ፤ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ። በኑግ ዘይት ውስጥ ያለው ኢ ነው። እሱን ለይቶ ለማውጣት ብዙ ሰው ቤንዚን መሰል ፈሳሽ ይጠቀማል። ሰላም የምትጠቀመው ግን ጋዝ ነው፤ ለስላሳ ሲከፈት ፍሽ ብሎ የሚወጣውን፣ እኛም ከአፋችን የምንተነፍሰውን። ይህ ጋዝ በወፍራም ብረት ውስጥ ታፍኖ፣ ሞቅ ብሎ፣ ሲጨናነቅ ሲጨናነቅ ጋዝም ፈሳሽም ያልሆነ ነገር ይሆናል። ያን ጊዜ ቅባቱን በውስጡ ያሟሟዋል። ጭንቅንቁን ሲያላሉለት መልሶ ይተፋዋል። እሷ የምትለካው የትኛው ጭነት፣ ማለትም ግፊት፣ ላይ እንደሚሟሟና የትኛው ላይ እንደሚለያይ ነው። በስልክ ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ገባኝ፤ እደርስበታለሁ።

ሥራዋን ጨርሳ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከሌላ ከተማ የሚመጣ መርማሪ ፊት ቆማ ልታስረዳ ቀን ተቆርጦላታል። በመጨረሻው ሰዓት መምህሯ «አንዱን ልክ ድገሚውና ከፊተኛው ጋር መግጠሙን አሳዪ» አሏት። የምትደግምበት ዘይት ግን ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ተረስቶ ተበላሽቶባታል። ዘይቱ የግድ እኔ ከላኩላት ከዚያው ከመጀመሪያው ጭማቂ መሆን አለበት፤ የሌላ ማሳ ኑግ ሌላ ነው። ማሽኑ ከረቡዕ በኋላ የሌላ ተማሪ ነው። ጊዜዋ አንዴ ተራዝሞላታል፤ ዳግመኛ አይራዘምም። ልኩ ካልገጠመ የፊተኞቹም ቁጥሮች ይጠረጠራሉ፤ የሁለት ዓመት ድካሟ ውሃ በላው ማለት ነው።

ከዚያ ጭማቂ ለቤቴ ያስቀረሁት አንዲት ጀሪካን ነበረችኝ። አነሳኋት፣ ሄድኩ።

ዓርብ

አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት አደርኩ። ስለዚህ ቀን የምለው ብዙ የለኝም። የወንድሜ ሚስት ጀሪካኑን አይታ «ለጾሙ ደረሽልን» አለች። እንዳልሰጣት ስነግራት እስክተኛ ድረስ አላናገረችኝም። ጀሪካኗን እራስጌዬ አድርጌ ተኛሁ፤ ሰው ገንዘብ የያዝኩ ይመስለዋል።

ቅዳሜ

ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ያዝኩ። መንገዱን ብዙ ሰው አስፈራርቶኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ገባን፤ ፍተሻው ብቻ በዛ። አጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ የዘጌ ሰው ናቸው። ለዓይናቸው ሕክምና ከርመው ወደ አገራቸው የሚመለሱ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው።

ጎሐ ጽዮን ላይ ፈታሹ ጀሪካኔን ከፍቶ አሸተተ። «ምንድን ነው?» አለኝ። «የኑግ ዘይት» አልኩት። ደግሞ አሸተተና ክዳኑን እንደነገሩ ገጥሞ መለሰልኝ። እኔም አላየሁትም። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንጠማዘዝ፣ ጀሪካኗም አብራን ስትጠማዘዝ፣ ድንገት ጭኔ ስር ረጠበኝ። ዘይቱ የመሪጌታን ነጭ ጋቢ እስከ ግማሽ አርሶታል።

አፈርኩ፤ በነጠላዬ ልጠርግ ብል እያሰፋሁት ሄድኩ። እሳቸው ጋቢውን ወደ ብርሃን ዘርግተው አዩትና «በዘይት የሚቀባስ ንጉሥ ነበር» አሉ፤ «ይህ ጋቢ ግን ቢቀቡትም አይነግሥ፣ ያው ጋቢ ነው።» አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ሳሙና መግዣ ልስጥዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ይልቅስ ከዘይቱ ትንሽ ቢያገኙ የዳዊታቸው የቆዳ ማኅደር ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሯልና ሊያለሰልሱበት እንደሚወዱ ነገሩኝ። የጠጡበትን የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ አቀበሉኝና ግማሹን ሞላሁላቸው። ለወንድሜ ሚስት የነፈግኩትን ለማላውቀው ሰው ሰጠሁ፤ እፍረት እንዲህ ያደርጋል። ዘጌ ብቅ ካላችሁ ስሜን ጠርታችሁ ጠይቁ፣ ልጅ እንኳ ያመጣችኋል አሉኝ።

ደጀን ላይ ሌላ አውቶቡስ ተበላሽቶ ቆሟል። ሹፌራችን ሰዎቹን ሁሉ አሳፈራቸው። መተላለፊያው ሞላ፤ ሰው በሰው ላይ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ማንም ማንንም አያናግርም ነበር፤ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካው ወጣት፣ የበርበሬ ነጋዴዋ፣ መሪጌታው፣ እኔ። ስንጨናነቅ ግን የአንዱ ክርን ከሌላው ጎን፣ የአንዱ ወሬ ከሌላው ጆሮ ገባ። ነጋዴዋ ቆሎ አዞረች፤ የጣና ዓሣ በነቢያት ጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ወጣቱም ሽቦውን ነቅሎ ተከራከረ። መሪጌታ «ዓሣው ራሱ ቢጠየቅ አይበላም ይላል» ብለው ዘጉት። ደብረ ማርቆስ ሲደረስ ትርፉ ሰው ወረደ፣ ቦታ ተገኘ፤ ወዲያው ሁሉም ወደየመስኮቱ ዞረ፣ ወጣቱም ሽቦውን ሰካ። ልጄ የነገረችኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሲጨናነቅ የተዋሐደው ሲላላ ተለያየ። ጋዙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እኛ ጋ በዚህ ወር ውርጭ ባቄላውን አቃጥሎ መሬቱ እንደ ሳር ጎጆ ጣሪያ ደርቋል። መራዊ ስንደርስ ግን አረንጓዴ አየሁ። የቆጋ መስኖ ነው አሉኝ፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ገና የበቀለ ስንዴ። በታኅሣሥ ስንዴ ሲበቅል አይቼ አላውቅም፤ አንገቴ እስኪታመም ዞሬ አየሁ።

ባሕር ዳር ማምሻውን ገባን። ከደብረ ብርሃን ሁለት ጋቢ ደርቤ መጥቼ፣ ሰላም ስታቅፈኝ በላብ ርሻለሁ። ልጄ ከስታለች። ጀሪካኗን ቀድማ ነው የሳመቻት፣ ከዚያ እኔን።

የምትኖረው ፔዳ አጠገብ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ከሚባሉ ባለቤት ግቢ በኪራይ ነው። እትዬ ይመኙሻል የእኔ እኩያ ናት፤ በሁለተኛው ቀን «አንቺ» ተባብለናልና እዚህም እንደዚያው ልጥራት። እግሬን ካላጠብኩ ብላ ታግላ አጠበችኝ። የሰላም ክፍል በቆርቆሮው ምክንያት ትግላለችና ጀሪካኗን ቀዝቃዛ በሆነው የይመኙሻል ማድ ቤት አስቀመጥናት።

እሑድ

ሦስታችንም ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ይመኙሻል ምሳ ልሥራ ብላ ቀድማን ተመለሰች፤ እኛ በሐይቁ ዳር ስንዘዋወር ዋልን። እናንተ የምትጠብቁት ይህን ነው መሰለኝ፤ ስለ ጣና። ትልቅ ነው። ማዶው አይታይም። እኛ ውሃ የምናውቀው በእንስራና በቧንቧ ነው፤ ይህን ያህል ውሃ ማንም ሳይቀዳው ተኝቶ አየሁ። መንገዱ ግራና ቀኝ ዘንባባ ነው፤ ወፎቹ ከሰው አይሸሹም። ልጄ ግን ሐይቁን አታይም፤ ስለ ነገ ነው የምታወራው። ከዘይቱ ቫይታሚኑ የበዛበትን ክፍል ጠዋት እንደምትለይ፣ ከሰዓት እንደምትለካ ትደጋግምልኛለች።

ቤት ስንመለስ ይመኙሻል በላብ ተጠምቃ፣ በጣም ደስ ብሏት ጠበቀችን። ምን እንዳስደሰታት አልጠየቅንም።

ሰኞ

ሰላም ወጥ ወጥ በሚሸተው ማድ ቤት ከጀሪካኗ በጠርሙስ ቀድታ በጠዋት ሄደች። እኔን ከምሳ በኋላ አስገቡኝ። ቤተ ሙከራው እንደ ሆስፒታል ንጹሕ ነው፤ ማሽኑ ግን ከእኔ መጭመቂያ ብዙም አያምርም። እንደ ሙቀጫ የወፈረ የብረት ዕቃ፣ በጎኑ የሲኒ አፍ የምታህል የወፍራም መስተዋት መስኮት፣ በላዩ ጭነቱን የሚያሳይ መርፌ። አቶ ደሳለው የሚባለው የማሽኑ ተቆጣጣሪ ወንበር ሰጠኝ። ሰላም አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ከጠዋት ጀምሮ ቆማለች።

ጭነቱን ከፍ አደረገች፤ ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ጠራ። ከዚያ ቀስ እያለች ታላላ ጀመረች። በመስኮቱ ደመና መሰል ነገር ሲመጣ ያኔ ተለያየ ማለት ነው፤ መርፌው የቆመበትን ትይዛለች። ደመናው መጣ። መርፌውን አየች፤ ገጿ ተለዋወጠ። ደገመችው። የፊተኛው ልክ ከነበረበት በጣም ርቆ ነው።

ተስፋ ቆርጣ ጋዙን ልታስወጣ ቧንቧውን ከፈተች። አቶ ደሳለው አየሩን ስቦ ዙሪያውን አየና «ማነው ሽሮ የሠራ?» አለ። እውነቱን ነው። ኮሰረት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፤ ቤቱን ሞላው። ሰላም መሸፈኛዋን አወረደችና አሸተተች። ሁለታችንም ተያየን። በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስን።

ማታ ይመኙሻል እራት አቀረበች። አየችንና ቅር እንዳላት በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ኧረ ለመሆኑ ዘይቱን እንዴት አገኛችሁት? ከትናንት ጀምሮ እጠብቃለሁ፣ አንድ ቃል የሚለኝ ጠፋ» አለች።

ለካ እሑድ ቀድማን የተመለሰችው ለዚህ ነው፤ ዘይቱ ለምን እንደመጣ እኛም አልነገርናትም። የእንግዳ ዘይት ጥሬውን አድሮ አይቶ ዝም ማለት በእሷ ቤት ነውር ነው። ጥሬ ዘይት ልብ ያቃጥላል፣ ያውም በጾም። ጀሪካኗን ሙሉ ገልብጣ በትልቅ ድስት አብስላ፣ በሻሽ አጥልላ፣ ጀሪካኗን አጥባ መልሳ ሞልታታለች። ያለቻትን ኮሰረት ጨርሳበታለች። ላባችን ጠብ ሳይል አዘጋጅታ፣ መልካም ሥራ አይነገርም ብላ ዝም አለች። በእኔ ቤት አንድ እንግዳ ጥሬ ዘይት ይዞ ቢመጣ እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

ሰላም ተነሥታ ወደ ግቢው ወጣች። ይመኙሻል ግራ ተጋብታ አየችኝ። የቻልኩትን ያህል አለስልሼ ነገርኳት፤ ሙቀቱ ቫይታሚኑን እንደሚያጠፋ፣ የኮሰረቱ ሽታ ከጋዙ ጋር ቀድሞ እንደሚዋሐድ፣ ልኩን እንደሚያዛባ። እሷ የሰማችው አንዱን ነገር ብቻ ነው። ጉርሻዋን ወደ ሳህኑ መለሰች።

«የልጅቱን ሁለት ዓመት ጠበስሁት በይኛ» አለች።

«እኔ እንኳ አላልኩም።»

«አልሽ አላልሽ። ኮሰረት ጨምሬ ጠበስሁት።»

ሰላምን ተከትለን ወጣን። ሦስታችንም ግቢው ውስጥ በየጥጋችን ቆምን። በዚያ መሀል ነው ጋቢው ትዝ ያለኝ። የመሪጌታ ጋቢ፣ ከዚያ የውሃ ላስቲኩ። «ሰላም» አልኳት፣ «ምን ያህል ነው የሚበቃሽ?» የቡና ሲኒ የማይሞላ ይበቃኛል አለች። ነገርኳት። ተስፋ ልታደርግ ፈራች። «እማ፣ እሳቸውም ሚስት ይኖራቸዋል እኮ» አለችኝ። በዚህ አገር ጥሬ ዘይት አይታ ዝም የምትል ሴት የት ትገኛለች?

ማክሰኞ

ጠዋት ጀልባ ያዝን። ይመኙሻል ካልሄድኩ ብላ አብራን ተነሣች፤ «ያጠፋሁት እኔ፣ የምቀር እኔ?» አለች። እኔ ጀልባ ስገባ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እኛ ጋ ውሃ ሰውን አይሸከምም፤ ሰው ነው ውሃ የሚሸከመው።

ገና እኩሌታ ሳንደርስ ሞተሩ ሳለና ቆመ። ጀልባ ነጂው ገመዱን ይስባል፣ ይስባል፤ ምንም የለም። ይመኙሻል የምታውቀውን የመልክዕ ጸሎት ሁሉ መድገም ጀመረች። ሰላም ሰዓቷን ታያለች። በደንገል ታንኳ እንጨት የጫነ ሰው በአጠገባችን አለፈ፤ ቸኩሎም አይደለም፣ ቆሞም አይደለም። ዞር ብሎ ሳያየን «ውሃ ጠጥቶ ይሆን?» ብሎ ጀልባ ነጂውን ጠየቀው። እውነትም ነዳጁ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር። አፍስሶ፣ ነፍቶ፣ ጠርጎ ሞተሩን አስነሣው። ይመኙሻል የታንኳውን ሰው መልአክ ነው አለች። ጀልባ ነጂው አጎቴ ነው አለ።

ዘጌ ከሐይቁ ሲወጡ ወዲያው ጫካ ነው። እኛ ቡና የምናውቀው በሲኒ ነው፤ እዚያ በዛፍ ጥላ ስር ቀልቶ አየሁት፣ ለቃሚዎቹም በመሰላል ላይ ሆነው ሰላም አሉን። ገዳማቱን ሳላይ መመለሴን ስትሰሙ ትታዘቡኛላችሁ። ሴት የማይገባበት አለ፣ የሚገባበትም አለ፤ እኔ ግን የሄድኩት ለዘይት ነው። የመሪጌታ ጥበቡን ስም ጠርተን ጠየቅን፤ እንዳሉትም የመጀመሪያው ሰው አደረሰን።

ግቢው ደፍ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ቆምን። ከማድ ቤቱ የሽሮ ሽታ ይመጣል፤ ኮሰረት ያለበት። ሰላም ክንዴን ያዘችኝ። ይመኙሻል ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

መሪጌታ ወጡ። ያንኑ ጋቢ ለብሰዋል፤ ቅባቱ አልለቀቀም። «የቀባሽኝ መጣሽ?» አሉኝ። ሚስታቸውም እጃቸውን እየጠረጉ መጡ፤ ገብተን ካልተቀመጥን፣ ካልበላን አንሰማም አሉ። ሰዓቱ ገና ነው ብንል ለጾመኛም መቀመጥ አልተከለከለም አሉን። ተቀመጥን። ዘይቱን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? የሰጡትን መልስልኝ ማለት እንዴት ያለ ነውር ነው። ሰላም እንደ ልጅነቷ ጉልበቴን በጉልበቷ ነካችኝ። አፌን ከፍቼ ሁሉንም ከመጀመሪያው አወራሁት፤ ጋዙን፣ ቫይታሚኑን፣ ድስቱን። ይመኙሻል መሬት መሬት ታያለች።

ስጨርስ መሪጌታ ተነሡ። ግድግዳው ላይ ካለ ችካል የዳዊታቸውን ማኅደር አወረዱ። ቆዳው ወዝ ይዟል፤ ቀብተውታል ማለት ነው። ጨርሰውታል ብዬ አሰብኩ። ክዳኑን ፈቱና እጃቸውን ከዳዊቱ ጎን አስገቡ። በጨርቅ የተጠቀለለችውን የውሃ ላስቲክ አወጡ። ከግማሽ በታች ሆናለች፤ ግን ጥሬዋን ናት።

ሚስታቸው «እዚያ ምን ያደርጋል?» አሉ።

«ከአንቺ ሸሽጌው ነዋ» አሉ መሪጌታ። «ብታይው በዚያው ቀን ኮሰረት ትጨምሪበት ነበር። ዳዊቴ ሽሮ ሽሮ እንዲሸት አልፈለግሁም።»

ይመኙሻል መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ እንባ ሆነ፤ የመሪጌታ ሚስት ትከሻዋን ይዘው አብረዋት ሳቁ። ሰላም ላስቲኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን ልታየው ስትል መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው። ብርሃን አይወድም፤ በማኅደሩ ጨለማ መክረሙ ለእሱ መድኃኒት ሆኖታል። መሪጌታን ስመን፣ ሰዓቱ ሲደርስ በልተን፣ አንድ ቁና ቡና ተሸክመን ወጣን። ሲሸኙን ለሰላም «ዕውቀትሽ እንደ ዘይት ይሁንልሽ፣ ከውሃ በላይ ይዋል» ብለው መረቋት።

በመመለሻው ሞተሩ ቆመ አልቆመ ትዝ አይለኝም።

ረቡዕ

ማሽኑ የሰላም የሆነበት የመጨረሻ ቀን ነው። ይመኙሻል ከግቢው በር ላይ ቆማ «እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አስገብቼ እጸልያለሁ፤ ምንም አልነካም» ብላ ሸኘችን።

ከሰዓት ሰላም ጠራችኝ። ሰኞ ብቻዋን ያየችው ለሙከራ ነበር፤ ለሚመዘገበው ልክ ግን ደንብ አላቸው፤ መርፌውን የሚያየው ሰው ደመናውን አይጠራም፤ የሚፈልገውን ቁጥር ሲያይ ዓይኑ ይሸነግለዋልና። አቶ ደሳለው መርፌው ጋ ቆመ። «እማ፣ አንቺ መስኮቱን ያዢ» አለችኝ። እኔ? አላውቅበትም ብላት «ደመና አታውቂም?» አለችኝ።

ዓይኔን መስተዋቱ ላይ ተከልኩ። ውስጡ እንደ ጣና ጠዋት ጠርቷል፤ ቅባት እንዳለበት ማንም አይጠረጥርም። ሰላም ጭነቱን ቀስ ብላ ታላላለች። ምንም የለም። ታላላለች። መተንፈስ ፈራሁ፤ የእኔ እስትንፋስ መስተዋቱን አደብዝዞ ያሳስተኛል ብዬ። ከዚያ ልክ በደብረ ብርሃን ማለዳ መስኮታችን ላይ እንደምታውቁት፣ ጉም የመሰለች ነጭ ነገር መጣች።

«ደመነ» አልኩ።

አቶ ደሳለው ቁጥሩን ጻፈ። መልሳ ጫነችው፣ ጠራ። አላላችው፣ «ደመነ» አልኩ። ሦስተኛ። «ደመነ።» ከዚያ አቶ ደሳለው ወረቀቱን ለሰላም ሰጣት። አነበበችው። የፊተኛውን ልክ አውጥታ ጎን ለጎን አደረገችው። ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ጫማዋን አወለቀች። ከሰኞ ጀምሮ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«ያው ነው፣ እማ» አለችኝ።

ጋዙን ስታስወጣ አቶ ደሳለው አየሩን ሳበ። «ምንም አይሸትም» አለ፤ «ዛሬስ ምሳ የለም።»

ሐሙስ

እስከ ዓርብ ቆዪ ብትለኝ እቆይ ነበር፤ ራሷ ነች ሂጂ ያለችኝ። «አንቺ ፊት ለፊቴ ከተቀመጥሽ እንተባተባለሁ» አለች። እኔም ብቀመጥ እንደማለቅስ አውቀዋለሁ።

ይመኙሻል የበሰለውን ዘይት ሙሉውን ልትመልስልኝ ታገለች፤ ለእሷ ተውኩላት፤ ለሰላምም ለጾሙ ይበቃታል። ልክ ስወጣ ግን ከጓዳ ትንሽ ጆንያ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ኑግ ነው። ከመራዊ ገበያ አስመጥታው ነው። አቅፋኝ በጆሮዬ፣ «ምንም አላደረግሁበትም፣ እታለም» አለችኝ፤ «አላበሰልሁት፣ አልቆላሁት፣ አላበጠርሁትም እንኳ።»

ደብረ ማርቆስ አደርኩ። አልጋ ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ብርድ ልብሱም የእኛን አገር አስታወሰኝ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ዓርብ

ዓባይ በረሃ መሀል ስልኬ ጮኸ። «እማ፣ አሁን ወጥ…» ብሎ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል የለም። በረሃው ውስጥ መስመር አይሠራም። አጠገቤ ያለችው ሴት ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ነገርኳት፤ እሷ ለፊተኛው ወንበር፣ የፊተኛው ወንበር ለሹፌሩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ «ጎሐ ጽዮን ስንወጣ ይገባልሻል፣ እናቴ» አለ፤ ትንሽም ፈጠነልኝ መሰለኝ። ያን ዳገት እንደዚያ ቀን ረጅም ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ጎሐ ጽዮን ላይ ስልኩ ገባ። አልፋለች። መርማሪው በመጨረሻ «በሁለቱ ልኬቶች መካከል ዘይቱ የት ነበር የተቀመጠው?» ብሎ ጠይቋት «ዘጌ፣ በዳዊት ማኅደር ውስጥ» ብላ መለሰች፤ ከዚያ ሁሉንም አስወሯት። ከስልኩ ጀርባ የይመኙሻል እልልታ ይሰማኛል፤ ተከትላት ሄዳለች ለካ፣ በር ላይ ቆማ ነበር። አጠገቤ ያለችውም ሴት እልል አለች፤ ስሟን ሳልጠይቃት አዲስ አበባ ደረስን።

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የይመኙሻልን ኑግ ሰፌድ ላይ ገለበጥኩት። ገለባው አለ፣ አፈሩ አለ፣ የባቄላ የሚያህል ጠጠር አለ። ደወልኩላት። «እትዬ ይመኙሻል፣ ኑግሽ ጠጠር በዝቶበታል» አልኳት።

«ነገርሁሽ እኮ» አለችኝ፤ «አልነካሁትም።»